ሁለቱ ሉዊሶችና የሶማሊኛ አመጣጥ

በድሬዳዋ ከተማ የሚኖር ሰው ስለ ቋንቋ ታሪክ ለመከራከር መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም። በቀፊራ ገበያ ቆሞ ሻጮችና ገዢዎች ሲቈጥሩ መስማት ይበቃዋል። ሶማሊኛ የምትናገረው ሴት አራትና አምስትን «አፈር፣ ሸን» ስትል፣ ኦሮምኛ የምትናገረው ጎረቤቷ «አፉር፣ ሸን» ትላለች። ዘጠኝ ሲደርሱ አንደኛዋ «ሰጋል» ሁለተኛዋ «ሰገል» ይላሉ፤ አፋሩም ዘጠኝን «ሰጋል» ነው የሚለው። ይህን የሰማ ሁሉ ቋንቋዎቹ እኅትማማች ናቸው ይላል፤ እውነቱን ነው። ክርክሩ የሚነሣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። መቼ ተለያዩ? ከየት ተነሥተው ተስፋፉ? ማንስ ማንን አስለቅቆ ሰፈረ?

በዚህ ትችት የምመረምረው በዚሁ ጥያቄ ላይ የተጻፉ ሁለት ዋና ዋና ጽሑፎችን ነው። ሁለቱም የወጡት «የአፍሪካ ታሪክ መጽሔት» በሚባለው የእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ ሲሆን፣ የመጀመሪያው በ1960፣ ሁለተኛው በ1966 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።) ደራሲዎቹ በአጋጣሚ አንድ ስም ይጋራሉ። አንደኛው አይ. ኤም. ሉዊስ፣ በሶማሌዎች ኑሮና ሥርዓት ላይ ዕድሜውን ሙሉ የጻፈ ብሪታንያዊ ነው፤ ሁለተኛው ኸርበርት ሉዊስ፣ የጅማን የአባ ጅፋር መንግሥት ያጠና አሜሪካዊ ነው። እንዳይምታታብን ብሪታንያዊው ሉዊስ፣ አሜሪካዊው ሉዊስ እያልሁ እጠራቸዋለሁ። ጽሑፎቹ ያረጁ ናቸው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ሐሳባቸው ግን አላረጀም እላለሁ። ዛሬ በየሻይ ቤቱ የሚሰማው ክርክር፣ ተከራካሪዎቹ ሳያውቁት፣ ከሁለቱ ከአንዱ የተቀዳ ነው።

ብሪታንያዊው ሉዊስ የሚለው ባጭሩ እንዲህ ነው። ሶማሌዎች የተነሡት በሰሜን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ ነው። ከዐሥረኛው መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ኦሮሞዎችን ከፊታቸው ገፉ፤ ኦሮሞዎችም በፊናቸው የባንቱ ቋንቋ ተናጋሪዎቹን ገፉ። እንግዲህ በዚህ አስተያየት ኦሮሞዎች በመጀመሪያ የሰሜኑ ሶማሌ አገር ባለቤት ነበሩ ማለት ነው። ማስረጃው በአብዛኛው የጎሳ የትውልድ ሐረግና አፈ ታሪክ ነው፤ ይኸውም ዳሮድና ይስሐቅ የሚባሉት ሼኮች ከዐረብ አገር ተሻግረው በሰሜን ጠረፍ ዘር እንደ ዘሩ የሚነገረው ታሪክና መቃብሮቻቸው ናቸው።

ይህን ጽሑፍ በመጀመሪያ ሳነበው በጣም አሳምኖኝ ነበር፤ ደራሲው አገሩን ያውቃል፣ የሐረጉንም ቈጠራ በጥንቃቄ ያቀርባል። ዳሩ ግን በድሬዳዋ ዙሪያ ለአደገ ሰው አንድ ነገር ሳያስቸግረው አያልፍም፤ እሱም የጉርጉራ ነገር ነው። ጉርጉራዎች በትውልድ ሐረጋቸው ከድር የሚቈጠሩ፣ ስለዚህም ሶማሌዎች ናቸው። ነገር ግን በከተማችን ዙሪያ ካሉት ጉርጉራዎች ብዙዎቹ ኦሮምኛ ይናገራሉ፤ ሁለቱንም አቀላጥፈው የሚናገሩም አሉ። ሐረጉ ወደ አንድ ወገን ይመራል፣ ምላሱ ወደ ሌላ ወገን። ይህ የሆነው በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም፤ በሐረርጌ ደጋና ቆላ መገናኛ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የተሻገረ፣ በጎሳም ከአንዱ ወደ ሌላው የተጠጋ ሕዝብ ብዙ ነው። ስለዚህ የትውልድ ሐረግ የሚነግረን የሰዎችን ቃል ኪዳን፣ የሃይማኖት ክብርንና የውርስ መብትን ነው እንጂ ቋንቋው የሄደበትን መንገድ አይደለም። አንድ የተከበረ ሼክ ከዐረብ አገር መጣ ብንል እንኳ፣ ሶማሊኛ ከሱ ጋራ በጀልባ አልተሻገረም። ይህን ብሪታንያዊው ሉዊስም አይክድም፤ ነገር ግን የሐረጉን አቅጣጫ እንደ ቋንቋው አቅጣጫ አድርጎ መውሰዱ ከዚህ ስሕተት ላይ ይጥለዋል።

አሜሪካዊው ሉዊስ የተነሣው ከሌላ በር ነው። የጎሳን ሐረግ ትቶ ቋንቋዎቹ ራሳቸው በካርታ ላይ እንዴት እንደ ተቀመጡ ተመለከተ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1964፣ ሃሮልድ ፍሌሚንግ ሁለት የሩቅ ቋንቋዎች ለሶማሊኛ የቅርብ ዘመዶች እንደ ሆኑ አሳይቶ ነበር። አንደኛው ባይሶ ነው፤ በአባያ ሐይቅ ውስጥ በጊዲቾ ደሴት የሚነገር የጥቂት ሰዎች ቋንቋ ነው። ሁለተኛው ሬንዲሌ ነው፤ በሰሜን ኬንያ ከቱርካና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ግመል የሚያረቡ ሰዎች ይናገሩታል። በዚህ ላይ በቱርካና ሐይቅና በኦሞ ወንዝ አካባቢ ያሉት ዳሰነችና አርቦሬ ሲጨመሩ፣ የሶማሊኛ የሥጋ ዘመዶች ሁሉ በደቡብ ተሰብስበው ይገኛሉ። የኦሮምኛም የቅርብ ዘመዶች፣ ኮንሶና ባልንጀሮቹ፣ እዚያው በደቡብ ናቸው። አንድ ቤተ ሰብ ዘመዶቹ ሁሉ በአንድ ወረዳ ሰፍረው አንድ ልጅ ብቻ ሩቅ አገር ቢገኝ፣ ወጥቶ የሄደው ልጁ ነው እንጂ ዘመዶቹ ሁሉ ከሱ ዘንድ ተነሥተው አንድ በአንድ ወደዚያ ወረዳ ሄዱ አንልም። የአሜሪካዊው ሉዊስ ክርክር ይኸው ነው፤ ሶማሊኛም ኦሮምኛም የተነሡት ከደቡብ ኢትዮጵያና ከሰሜን ኬንያ ድንበር አካባቢ ነው፣ ሶማሌዎችም ወደ አፍሪካ ቀንድ በመግባት ከኦሮሞዎች ይቀድማሉ ይላል።

እዚህ ላይ የሬንዲሌዎች ነገር በተለይ ሊታሰብ ይገባል። ሬንዲሌዎች በጥንት ልማዳቸው እስላም አይደሉም፤ ከዐረብ አገር የመጣ አባትም አይቈጥሩም። ነገር ግን ቋንቋቸው ከሶማሊኛ ጋራ እጅግ ቅርብ ነው። ሶማሊኛ ከሰሜን ጠረፍ ተነሣ ብንል፣ እነሱ ከዚያ ሩቅ ቦታ እንዴት እንደ ተገኙ፣ በመንገድ ላይም ሃይማኖቱንና ሐረጉን እንዴት እንደ ጣሉት መናገር ይኖርብናል።

ዝምድናው በቃላት መምሰል ብቻ የሚረጋገጥ እንዳይመስለን። ከሁለት ጓደኞቼ ጋራ አንድ ጊዜ በመጋላና በቀፊራ እየዞርን የሶማሊኛና የኦሮምኛ ተመሳሳይ ቃላት ለቅመን ነበር። ዝርዝሩ ረዘመ፣ እኛም ደስ አለን። በኋላ ለአንድ መምህር ብናሳይ «ሱቅን»፣ «ኪታብን»፣ «ሰንዱቅን» አንድ በአንድ እየሰረዘ መለሰልን፤ ሁሉም ከዐረብኛ የተገኙ ናቸውና። ድሬዳዋ ከጂቡቲ በመጣው የምድር ባቡር በ1902 የተቈረቈረች የንግድ ከተማ ስለ ሆነች፣ ቃል እንደ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ፉርኖ ዳቦ ስለምንበላ አማርኛ ከኢጣሊያንኛ ተወለደ የሚል የለም።

እውነተኛው ማስረጃ የድምፅ መልስ የሚባለው ነው፤ ይኸውም በአንዱ ቋንቋ ያለ ድምፅ በሌላው በሌላ ድምፅ ሲመለስ፣ ያም በአንድ ቃል ብቻ ሳይሆን በብዙ ቃላት በሥርዓት ሲደጋገም ነው። የሰው ራስ በሶማሊኛ «መደሕ»፣ በሬንዲሌ «መተሕ»፣ በኦሮምኛ «መታ» ነው። በአናባቢዎች መካከል የነበረው «ተ» በሶማሊኛ «ደ» ሆነ፤ በሬንዲሌና በኦሮምኛ እንደ ነበረ ቀረ። በመጨረሻው ያለው የጉሮሮ ድምፅ ደግሞ በሶማሊኛና በሬንዲሌ ሲኖር በኦሮምኛ ጠፋ። ወተት በሶማሊኛ «ዓኖ»፣ በኦሮምኛ «አናን» ነው። ላም በሶማሊኛ «ሰዕ»፣ በኦሮምኛ «ሰአ»፣ በአፋርኛ «ሰጋ» ነው። ስም በሶማሊኛ «መገዕ»፣ በኦሮምኛ «መቃ» ነው። አጥንትስ «ላፍ»፣ «ላፌ»፣ «ላፋ» እየተባለ ሦስቱንም ቋንቋዎች ያስተባብራል፤ ደምም በሶማሊኛ «ዺግ»፣ በኦሮምኛ «ዺጋ» ነው። ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀኝ ፈጽሞ የማይመሳሰሉ የሚመስሉት ናቸው። ስድስት በሶማሊኛ «ሊሕ»፣ በኦሮምኛ «ጀሀ» ነው፤ ዓይን በሶማሊኛ «ኢል»፣ በኦሮምኛ «ኢጀ» ነው። ለጆሮ እንግዳ ቢሆኑም፣ በሁለቱም ቃላት የሶማሊኛው «ለ» በኦሮምኛ «ጀ» ሆኖ ይመለሳል። በቦረና ዓይንን «ኢላ» ማለታቸው ደግሞ የጥንቱ ድምፅ «ለ» እንደ ነበረ ያመለክታል። ከሁለት ቃላት ሕግ አይወጣም፤ ቢሆንም እኛ በገበያ ለቅመን የመጣነው ረጅም ዝርዝር ከዚህ አንድ ጥንድ ያነሰ ዋጋ እንደ ነበረው ለመረዳት ይበቃል።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። በግዕዝ ፊደል «ሐ» እና «ዐ» ለጌጥ አልተቀመጡም፤ ጥንት የየራሳቸው የጉሮሮ ድምፅ ነበራቸው፣ በትግርኛም ዛሬ ድረስ አላቸው። በአማርኛ ድምፁ ጠፍቶ ፊደሉ ቀረ። ኦሮምኛም በራሱ መንገድ ያንኑ ድምፅ አጣ። በደቡብ ሶማሊያ የሚነገረው ማይ የሚባለው አነጋገርም እንደዚሁ ነው። እንግዲህ ሁለት ቋንቋዎች አንድ ድምፅ በማጣት ስለ ተመሳሰሉ ብቻ የቅርብ ዘመድ ናቸው ማለት አይቻልም፤ መጥፋት በየቤቱ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው።

የግሡ ነገርም እንዲሁ ያስተምራል። ሶማሊኛ አብዛኛውን ግሥ ከመጨረሻው ይዘረዝራል፤ ነገር ግን መምጣት፣ ማለት፣ ማወቅ፣ መገኘትና መሆን የሚሉት ጥቂት ግሦች ከመጀመሪያቸው ይዘረዘራሉ። መጣሁ «ኢሚ»፣ መጣህ «ቲሚ»፣ መጣ «ዪሚ»፣ መጣን «ኒሚ» ይባላል። ግዕዝ የተማረ ሰው «እ፣ ት፣ ይ፣ ን» የሚለውን እዚህ ሲያገኝ ዘመዱን በሰው አገር እንዳገኘ ይሆናል። በሬንዲሌም እነዚህን የመሰሉ ጥቂት ግሦች አሉ፤ አፋርኛ ግን ብዙ አለው፤ ኦሮምኛ ይህን አዘራዘር ትቶታል። አንዳንድ ሰዎች ይህን አይተው ሶማሊኛ የዐረብኛ ልጅ ነው ይላሉ። ስሕተት ነው። ግሪንበርግ በ1963 ባወጣው አከፋፈል እንዳስቀመጠው፣ ሴማዊና ኩሻዊ ሁለቱም ከአንድ ትልቅ ቤተ ሰብ የወጡ ቅርንጫፎች ናቸው፤ ይህ አዘራዘር ከዐረብኛ የተበደሩት ሳይሆን ከጋራ አያት የወረሱት ነው። ሶማሊኛ ከዐረብኛ የወሰደው ብዙ የሃይማኖትና የንግድ ቃል ነው እንጂ አጥንቱን አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ፍርዴ ወደ አሜሪካዊው ሉዊስ ያዘነበለ ነው። ከሱ በኋላ የመጡትም በአብዛኛው ረድተውታል። በርንት ሃይነ በ1978 ሶማሊኛን፣ ሬንዲሌንና ቦኒን በአንድ አድርጎ «ሳም» የሚል ስም አወጣላቸው፤ ስሙን ያገኘው አፍንጫ ከሚለው የጋራ ቃላቸው ነው። የግመል ቃላታቸው አንድ ስለ ሆነ፣ ሳይለያዩ በፊት ግመል ያውቁ እንደ ነበር አስረዳ። ግመል በሶማሊኛ «ጌል»፣ በሬንዲሌ «ጋል» መባሉ ብቻ ሳይሆን፣ ከግመል ርቢ ጋራ የተያያዘው የቃላት ጓዝ ሁሉ የጋራ ነው። ጕንተር ሽሌም በ1989 ባወጣው መጽሐፍ፣ በሬንዲሌ፣ በገብራ፣ በሰኩዬና በጋሪ ዘንድ ያለው የግመል ሥርዓት ከአንድ ጥንታዊ ምንጭ እንደ ወጣ ለማሳየት ሞክሯል።

በሃይነ ላይ የምነቅፈው ግን አለኝ። መንገዱን በካርታ ላይ ሲያሰምር፣ ከቱርካና ሐይቅ አካባቢ ወደ ታና ወንዝ (የኬንያው ታና እንጂ የጎጃሙ ሐይቅ አይደለም)፣ ከዚያ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ያደርገዋል። መድረሻውና መነሻው በማስረጃ የቆሙ ናቸው፤ በመካከል ያለው መስመር ግን በብዙው የተመሠረተው ቦኒዎች ዛሬ በላሙ ጀርባ ባለው ዱር መገኘታቸው ላይ ነው። ቦኒዎች አዳኞች ናቸው፤ አዳኝ ሕዝብ ደግሞ የከብት አርቢ ጎረቤቱን ቋንቋ መውሰዱ በምሥራቅ አፍሪካ የተለመደ ነገር ነው። ቦታቸውን ሳይሆን ቋንቋቸውን ቀይረው ከሆነ መስመሩ ይናጋል። ከቃላት ብዛት ተነሥቶ የመለያያ ዘመን የሚያሰላው ዘዴም የማይታመን ነው፤ ቋንቋ እንደ ሰዓት በእኩል አይሄድም።

ከሥነ ቋንቋ ውጭ ደግሞ የራሳችን አገር መዛግብት አሉ፤ ሁለቱም ሉዊሶች ከሚገባው በላይ አሳጥረው ያለፏቸው ይመስለኛል። ሶማሌ የሚለው ስም መጀመሪያ የሚገኘው ከ1414 እስከ 1429 በነገሠው በዐፄ ይስሐቅ የድል መዝሙር ነው። የግራኝን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ በ1520ዎቹና በ1530ዎቹ ስለ ተደረገው ጦርነት ሲናገር፣ ከሐረር ጦር ጋራ የተሰለፉትን የሶማሌ ጎሳዎች ጊሪ፣ መሬሓን፣ ሐርቲ እያለ በስም ይጠራል። ኦሮሞዎች ወደ ሐረር ደጋ የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው፤ የሐረርን ግንብ ያሠራው አሚር ኑር የተዋጋቸው በዚያው መቶ ዓመት አጋማሽ ነበር። አባ ባሕርይም በ1593 ሲጽፍ የኦሮሞን መነሻ በደቡብ ያደርገዋል እንጂ በኤደን ባሕረ ሰላጤ አያደርገውም። ብሪታንያዊው ሉዊስ እንደሚለው ኦሮሞዎች ከሰሜን ጠረፍ እየተገፉ ወደ ውስጥ የገቡ ቢሆኑ ኖሮ፣ በዐረብ ፈቂህ ጊዜ በሐረር ዙሪያ ቀድመው መገኘት የነበረባቸው እነሱ ነበሩ። በደቡብም ኢብን ሰዒድ በዐሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት መርካን የሐዊያ ከተማ ይላታል፤ ሶማሌዎች በቤናድር ጠረፍ ምን ያህል ቀደም ብለው እንደ ሰፈሩ ይህ ያሳያል።

ታዲያ ብሪታንያዊው ሉዊስ ያየው ነገር ሁሉ ሕልም ነበርን? አይደለም። የሰሜኑ ሶማሊኛ ከጂቡቲ እስከ ኬንያ ሰሜን ምሥራቅ ድረስ በጣም አንድ ዓይነት ነው፤ የድሬዳዋ ሶማሌና የጋሪሳ ሶማሌ ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ። በደቡብ ሶማሊያ ግን በሸበሌና በጁባ ወንዞች መካከል ማይ፣ ቱኒ፣ ደበሬ፣ ጂዱ እየተባለ በጥቂት ቦታ ውስጥ እርስ በርሱ የማይግባባ አነጋገር ተከማችቷል። ብዙ ልዩነት የረጅም ዘመን ኑሮ ምልክት ሲሆን፣ በሰፊ አገር ላይ ያለ አንድነት የቅርብ ጊዜ መስፋፋት ምልክት ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሆነ ታላቅ እንቅስቃሴ በእርግጥ ነበረ፤ ዳሮዶች በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ጁባን ተሻግረው ወደ ታና ወንዝ የሄዱበት የዚህ መጨረሻ ነው። ስለዚህ እንደ እኔ አስተያየት የብሪታንያዊው ሉዊስ ስሕተት የመጨረሻውን ማዕበል እንደ መጀመሪያው መቍጠሩ ነው። ያየው እውነት ነው፣ ቦታውን ግን ከታሪኩ ራስ ላይ አደረገው።

እኛ ተማሪዎችም ከዚህ የተሻለ አላደረግንም። የከተማችን ስም ከድር ጎሳ የወጣ ሶማሊኛ ነው የሚልና፣ «ድሬ» ማለት ሜዳ ስለ ሆነ ኦሮምኛ ነው የሚል ጓደኛሞች ሲጣሉ አይቻለሁ። ሁለቱም በድምፅ መምሰል ይከራከራሉ፤ ሁለቱም ያንን የተሰረዘ ዝርዝራችንን ያስታውሱኛል። የባቡሩ ኩባንያ ሰዎች ከተማዋን ሲቈረቁሩ አዲስ ሐረር ብለዋት እንደ ነበር ደግሞ ማንም አያነሣውም። ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ድሬዳዋ ኦሮሚያም ሶማሌም ይገባኛል ያሏት፣ በ2004 በወጣ ቻርተር ለፌዴራሉ መንግሥት ተጠሪ የሆነች ከተማ ናት፤ ሹመቱም በብሔር ድርሻ ሲከፋፈል የኖረባት ናት። በእንደዚህ ያለ ቦታ «ቋንቋህ ከየት መጣ» የሚለው ጥያቄ ወዲያው «አንተስ ከየት መጣህ» ወደሚል ይለወጣል። የብሪታንያዊውን ሉዊስ ሐሳብ የያዘ አንዱን ወገን መጤ ሲያደርግ፣ የአሜሪካዊውን የያዘ ሌላውን ያደርጋል። የጉርጉራው ሽማግሌ ግን በሁለቱም ዳኝነት የት እንደሚቆም የሚነግረው የለም፤ ቤቱ ከሁለቱም ሉዊሶች በፊት እዚሁ ነበር።

ሊሠራ የሚገባው ሥራም ከእጃችን አጠገብ ነው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሌ ክልል፣ ጊሪራ የሚባል አነጋገር አለ። ለባዕድ ጆሮ የሶማሊኛ አንድ ቅርንጫፍ ሊመስል ይችላል፤ የተመለከቱት ሊቃውንት ግን በአባያ ሐይቅ ካለው ከባይሶ ጋራ ያዛምዱታል። የጊሪራ ነገር በደኅና ቢጠና፣ ሰሜናዊው ሶማሊኛ ሳይሰፋ በፊት በዚህ አገር ምን ዓይነት ቋንቋ ይነገር እንደ ነበር ከመጽሔት ክርክር የበለጠ ይነግረናል። ለጉርጉራም እንደዚሁ። ኦሮምኛ ተናጋሪ የሆኑት ጉርጉራዎች የግመልን ግልገል፣ የጡት ግመልን፣ የመጫኛ ግመልን፣ የውሃ መቅጃውንና የወተት ዕቃውን በምን ስም ይጠራሉ? በሶማሊኛ ስም የሚጠሩ ከሆነ፣ ቋንቋውን ለውጠው የመንጋውን ቃል እንዳስቀሩ እናያለን፤ ያም የሃይነን የግመል ማስረጃ ያጠነክራል። በኦሮምኛ ስም የሚጠሩ ከሆነ ደግሞ የግመል ቃል እንኳ ከቋንቋ ጋራ ተለውጦ ሊሄድ እንደሚችል ያሳያል፤ በዚያም ጊዜ ሃይነም፣ ሽሌም፣ እኔም ከላይ የጻፍሁትን እንደ ገና ማየት ይኖርብናል። ከከተማው ወጣ ብሎ ሽማግሌዎቹን በየቋንቋቸው «አባ»፣ «አዴር» ብሎ አክብሮ ጠይቆ፣ የሚሉትንም እንደሚሉት አድርጎ መጻፍ ነው። በሚመጣው ክረምት ሁለት ሆነን ለመጀመር አስበናል።